አንዱ ስለት አዲስ፣ አንዱ አሮጌ

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ነፋስ የመጽሐፌን ገጽ እንዳይገልጥብኝ የምጭነው ብረት አለ። ወርዱ ሁለት ጣት ነው፤ ጠርዙ እንደ ጥፍር ሳስቷል። እንግዳ ሲያየው የቢላ ስባሪ ይመስለዋል። የመኮትኮቻ ስለት ነው፤ አዲስ ሳለ አራት ጣት ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ ጥቅል ጎመን እንተክል ነበር። አባዬ ይሠራበት የነበረው የአትክልት ቦታ ሲዘጋ አንድ ባለ ጎማ መኮትኮቻ ይዞ መጣ። ከፊቱ አንድ የብረት ጎማ፣ ከኋላው ሁለት እጀታ፣ ከሥሩ ደግሞ ግራና ቀኝ በብሎን የታሰሩ ሁለት ስለቶች ነበሩት። በሁለት የጎመን መስመሮች መካከል ሲገፋ፣ ስለቶቹ አፈር ውስጥ ለውስጥ እየሄዱ አረሙን ከሥሩ ይቆርጡታል። እሱ ከኋላ ይገፋል፣ እኔ ገመዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከፊት እስባለሁ። ጎረቤቶቻችን «መኪና ገዛችሁ አሉ፣ ታርጋው የታል?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። አባዬም «ልጄ ተማሪ ቤት ስትገባ ትጽፍልኛለች» ይላቸዋል። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከሱቅ በመጣ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ፊደል ከመቁጠር በቀር ምንም አላውቅም።

በዚያ ነሐሴ ዝናቡ አላባራ አለ፤ አረሙ ጎመኑን ሊውጠው ደረሰ። ስለቶቹ ግን አልቀው አረሙን ከመቁረጥ ይልቅ ዳበስ አድርገው ያልፉ ጀመር። የተማሪ ቤት ምዝገባ ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶታል። አባዬ፣ ኩትኳቶው ባለቀ ማግሥት ሊያስመዘግበኝ ቃል ገብቶልኛል።

በሚካኤል ዋዜማ ጉርድ ሾላ አካባቢ ብረት ወደሚቀጠቅጡት ወደ ጋሽ ቶሎሳ ወረድን። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ስለት ያወጡ ነበር። ቤታቸው የከሰልና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነበረው። ሲመሽ አንዱን ስለት ብቻ ጨርሰው መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ነገ ሚካኤል ነው፣ እሳት አላነድም። ከነገ ወዲያ ማታ መጥተህ ሁለቱንም ውሰድ» አሉት።

«የልጅቷ ምዝገባ ያልፍብኛል፣ ቶሎሳ። አንዱ አሮጌ ስለት ገና ይበላል።»

«እሱ ይበላል፣ አዲሱ ግን ይነክሳል። ወደራሱ ይጎትትሃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ችኩል ነው። ከረሳ አስታውሺው። ስለት እንደ ጫማ ነው፤ ጥንዱን ነው የሚቀይሩት።» አባዬ ግን ያለቀውን አንዱን ስለት ይዞ ተነሣ።

ማታ ጋሽ ቶሎሳ ያሉትን ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት ከመላጥ ቀና ሳትል፣ «አባትሽ የሚሠራውን ያውቃል። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ሚካኤል ባለፈ ማግሥት ጧት አባዬ ሁለተኛውን ሳይጠብቅ አዲሱን ስለት በቀኝ አሰረው፤ አሮጌው በግራ ቀረ። ጉም ወርዶ ከሁለት መስመር ወዲያ አይታይም ነበር። ገመዱ ትከሻዬን ወደ አንድ ወገን ይጎትተኝ ጀመር። «ቀጥ ብለሽ ሳቢ እንጂ» ይለኛል አባዬ። የአረም ሥር ሲቆረጥ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። የዚያን ቀን ግን ከኋላዬ ሌላ ድምፅ እሰማ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል፣ ወፈር ያለ። ዞሬ ሳይ ጎመኑ ሁሉ እንደቆመ ነው፣ አረንጓዴ፣ ጤነኛ። አፌን ከፈትኩ። ስናገር ሥራው ይቆማል፣ ሥራው ከቆመ ምዝገባው ያልፋል ብዬ መልሼ ገጠምኩት። እስከ ማታ ሳብኩ።

ሁለት ቀን ጉሙ ሳይገለጥ የቀረውን ስንኮተኩት፣ ጎመኑም እንደቆመ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ። ረፋዱ ላይ ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኙ። ሁሉም ግን አልነበሩም፤ አንዱ መስመር ደኅና ነው፣ ቀጥሎ ያለው የሞተ፣ ከዚያ ደግሞ ደኅና፣ ከዚያ የሞተ። ሄደን ስንመለስ ስለቱ ሁልጊዜ ወደ ቀኙ እየተሳበ፣ በየመሐሉ ያለውን መስመር ከሁለት ወገን ቆርጦታል። አባዬ አንዱን ጎመን ነቀለው። የተቆረጠውን ሥር በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ዳበሰው፤ ረጅም ጊዜ ዳበሰው።

«ትል ነው» አለ።

ትል መስመር አይቆጥርም። ይህን በአሥር ዓመቴም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ቀና ብሎ ሲያየኝ ራሴን ነቀነቅሁ። የሞተውን ነቅለን ሌላ ችግኝ ስንተክል ምዝገባው አለፈ። ያ ዓመት ተከታዩን ጎተተ፤ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ከወገቤ ከማይደርሱ ልጆች ጋር ነው።

ዛሬ ያ ተዳፋት ቤት በቤት ሆኗል፤ ታክሲ ደጃፉ ድረስ ይወጣል። ከነፋሱ ጋር የሚመጣው የባሕር ዛፍ ሽታ ብቻ የድሮው ነው። አባዬ አርጅቶ ከእኔ ጋር ይኖራል። በሥራ ቦታዬ ያልተጣራ ነገር አልፈርምም፤ «ነገር አበዛሽ» ይሉኛል። እዚህ ቤት ግን ሳይጣራ የቀረ አንድ ነገር አለ።

ባለፈው እሑድ አባዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ ያን ስለት አነሣና በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳበሰው፤ ልክ እንደዚያን ቀን፣ ቀስ አድርጎ።

«ያ ትል ባይገባ ቀደም ብለሽ ትማሪ ነበር» አለኝ። ዓይኑን ከብረቱ አላነሣም። መልሴን ይጠብቅ ነበር።

ያኔ ፈርቼ ነበር ዝም ያልኩት።

«አዎ፣ አባዬ» አልኩት፤ «ክፉ ትል ነበር።»

ስለቱን መጽሐፌ ላይ መልሶ አስቀመጠው።