ለጎመኑ የመረጥሁት ፍግ

በሠላሳ ዓመት የመንግሥት አገልግሎቴ ስሕተት ያለበት ሪፖርት የጻፍሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ሪፖርት የአንዲት ሴት ክንድ አሰበረ፤ የእኔንም ሁለት የፊት ጥርሶች አስወለቀ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ በዳባት እርሻ ጽሕፈት ቤት የአትክልት ባለሙያ ሆኜ ከተመደብሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር፣ የገበሬዎች ማኅበሩ የአትክልት ቦታ አለ፤ ጥቅል ጎመን፣ ድንችና ሽንኩርት ይለማበታል፤ ከምርቱም እኩሌታው ደባርቅ ለሰፈረው ጦር ይሄዳል። በዚያ ዓመት ጎመኑ ከችግኝ ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ከጎንደር የሚመጡት መኪኖች የሚጭኑት ጥይትና ዱቄት ስለ ነበር የፋብሪካ ማዳበሪያ አልደረሰንም። ደባርቅ የሚቀመጠው አስተዳዳሪ እዚያ ድረስ አስጠርቶኝ፣ በአገሩ ካለው ፍግ የተሻለውን መርጬ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘኝ። ጎመኑ ከጠፋ ነገሩ አሻጥር ይባላል አለኝ። አሻጥር ምን እንደሚያስከትል አሳምሬ ዐውቅ ነበር። ባለፈው ወር የእኛኑ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ከጠረጴዛው ላይ በጠጕሩ ጎትተው አውጥተው፣ ሁላችንም በመስኮት እያየን፣ ጆሮው ደም እስኪተፋ በሰደፍ ደብድበው ወስደውታል። የት እንዳደረሱት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሥራውን በጥንቃቄ ያዝሁ። አራት መደብ አዘጋጅቼ በአንዱ አመድ፣ በአንዱ የቅጠል ብስባሽ፣ በአንዱ የበግ በጠጥ፣ በአንዱ የበሰበሰ የከብት አዛባ አደረግሁ። አመዱ ለሽንኩርት ቢስማማም የጎመኑን ችግኝ አቃጠለው። ብስባሹ ገና ወራት ይፈልጋል። የበጉ በጠጥ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሳንቃ በር አቅጣጫ ካሉት የገብስ መንደሮች በአህያ መምጣት አለበት። አዛባው ግን የቢጫውን ቅጠል ወደ ጥቁር አረንጓዴ መለሰው፤ ቅርብም ነውና እሱን መረጥሁ።

ስሕተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በየቤቱ ጓሮ በሰው ቁመት የተቈለለ፣ ላዩ በእበት ለስልሶ የተመረገ ክምር አየሁ። እኔ የአዲ አርቃይ ቆላ ተወላጅ ነኝ፤ በእኛ አገር እንጨት ሞልቷል፣ እበቱም ከብቱ ባደረበት ይቀራል። ክምሩን እንዲበሰብስ የተተወ ፍግ አድርጌ ወሰድሁት። ጓሮ የሴቶች ክልል ነውና ገብቼ መጠየቁ ነውር መሰለኝ፤ ከአጥር ውጭ ሆኜ በእርምጃ ለካሁ። «በየቤቱ ያለ ጥቅም የተከማቸ በቂ ፍግ አለ» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም። የክምሩ ውስጥ ለክረምት ማገዶ የደረቀ ኩበት፣ ምርጊቱም ዝናብ እንዳያስገባ የተሠራ ክዳን መሆኑን አላወቅሁም። በዚያ ደጋ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ኩበት ያለቀበት ቤት አይሞቅም፤ እህልም አያበስልም።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ጧት የማኅበሩ ታጣቂዎች አህያና ጆንያ ይዘው ወጡ። እኔም ልመዘግብ ተከተልሁ። የታጣቂዎቹ አለቃ የዚያው መንደር ልጅ ነው። መጀመሪያ የገባነው ብቻዋን ከምትኖር አንዲት ባልቴት ጓሮ ነበር፤ ክምሯ ከሁሉም ይበልጣል። አለቃው ሪፖርቱን ሲነግራት ሳቀች።

«ፍግ ነው? አንተ በላዩ እየተንሸራተትህ አይደለም ያደግኸው? ለመሆኑ እናትህ ክረምቱን ምን ልታነድ ነው?»

ታጣቂዎቹም ሳቁ። አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወረቀቱ ፍግ ይላል» አለና ክምሩን በጫማው መታው። ምርጊቱ ተሰነጠቀ፤ የደረቀው ኩበት ተንዶ እግሬ ሥር ተበተነ። ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልሁ። ብዙ ነገር የሆነው እኔ ዝም ባልሁበት ጊዜ ውስጥ ነው።

ውሻዋ ዘልሎ የአለቃውን ባት ያዘ፤ ከጎኑ ያለው ታጣቂ ተኵሶ ገደለው። ሴትዮዋ ከቤት የወፍጮዋን መጅ ይዛ ወጥታ የአለቃውን ቅንድብ ፈነከተችው። ደሙ ዐይኑን እንደ ሸፈነው ጠመንጃውን አዙሮ በሰደፉ ሰነዘረ፤ ክንዷን ከፍ አድርጋ መከተች። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። በሁለተኛው ምት ጎኗን ሲላት ኩበቱ ላይ ወደቀች። ጥይት አጕርሶ አፈሙዙን አንገቷ ላይ ደገነ።

«ተው» አልሁት። «ስሕተቱ የእኔ ነው። ይህ ማገዶ ነው፤ ደርቋልና ለጎመን አይረባም።»

«የፈረምኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አሻጥረኛው አንተ ነሃ» አለና አፈሙዙን ከእሷ አንሥቶ በሰደፉ አፌን መታኝ። የፊጥኝ አስረው በጭነት መኪና ደባርቅ ወሰዱኝ።

አስተዳዳሪው ማምለጫ መንገድ አሳየኝ፤ ሪፖርቱ ትክክል ነው፣ ሴትዮዋ ፀረ አብዮት ናት ብዬ ብፈርም ወደ ሥራዬ እንደምመለስ ነገረኝ። እስክርቢቶ ለመንሁት። ደሜ ወረቀቱን እንዳያበላሸው በግራ እጄ መሐረብ አፌ ላይ ይዤ፣ ክምሮቹ ማገዶ መሆናቸውን፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ መሆኑን፣ ለጎመኑም የበግ በጠጥ ከገብስ መንደሮቹ መምጣት እንዳለበት ጻፍሁ። አንብቦ ሲጨርስ በጥፊ መታኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰርሁ፤ ጧት ጧት ውስጥ እግሬን በሽቦ ይገርፉኝ ነበር። የተፈታሁት ጎመኑ ባለሙያ ስላስፈለገው ነው። በጠጡ መጣ፤ በነሐሴ ጎመኑ ጥሩ አድርጎ ጠቀለለ። በዚያ ምርጫዬ ዛሬም አላፍርም።

የሴትዮዋን ኩበት ከዚያ ወዲያ አልወሰዱትም፤ የሚከምርላት ግን አልነበረም። ጎረቤቶቿ ወደ ጓሮዋ መግባት ፈርተዋል። እንደ ተፈታሁ እያነከስሁ ሄድሁ። ዝናቡ ከጀመረ ሰንብቷል። ክንዷን ወጌሻ በሸንበቆ አስሮላታል፤ ክምሩ እንደ ፈረሰ ተኝቷል። ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ወረቀቱ አሁን ምን ይላል?» አለችኝ።

«ኩበት ነው ይላል።»

«እንግዲያ የረጠበውን ለብቻ ያድርጉት።»

ጎንበስ ብዬ ጀመርሁ። በዚያ አገር ወንድ ኩበት ሲነካ መሳቂያ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ባልቴቷን ባል አገኘሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ባልቴቷ ግን እየተቆጣች ታርመኛለች፤ ወፍራሙ ከታች፣ ስሱ ከላይ፣ ቀዳዳ እንዳይተዉ። እኩለ ቀን ላይ የደረቀውን ከምሬ ጨረስሁ፤ ከጉልበቴ አላለፈም። የቀረው በእጄ ሲያዝ ይፈርሳል።

ተነሥታ በደኅናው እጇ ለካችው።

«እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያደርሰኛል» አለችና ወደ ቤት ገባች።