አባቴ አየሁ ያሏቸው ሁለቱ ብርሃናት

አባቴ ቄስ ነበሩ። ዓይናቸው እየጠፋ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በእኛ አገር በእስቴ ልጅ የአባቱን ዓይን ትክ ብሎ አያይም፤ አቀርቅሮ ያደገ ልጅ የአባቱን ዓይን መፍዘዝ በምን ይወቀው? በዚያ ላይ ቅዳሴውንም ዳዊቱንም በቃላቸው ይዘውታል፤ መጽሐፉ ቢዘቀዘቅባቸው እንኳ ማን ይነቃል? አንድ እሑድ ግን ሲያቆርቡ እጃቸው የሕፃኑን አፍ ስቶ ጉንጩን ነካ። ሰው ጾሙ አድክሟቸው ነው አለ። እኔ ግን ነቃሁ።

ጎንደር ሐኪም ቤት እንሂድ አልኋቸው።

«ዓይኑ የጠፋ ቄስ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም» አሉኝ። «ሐኪም አንዴ ጠፍቷል ካለ አበቃልኝ፤ ተወኝ።»

ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አስለመንሁ። እምቢ አሉ።

ያኔ መካነ ኢየሱስ አስተምር ነበር፤ አንድ የውጭ አገር መምህር ሲሄድ የተወልኝ ቴሌስኮፕም ነበረኝ። በዐቢይ ጾም ገና ሲመሽ፣ አባቴ አሰድ የሚሉት፣ አንበሳ የሚመስለው የኮከብ ስብስብ ከፍ ይላል። ከኋላ እግሩ ሥር ሁለት ጋላክሲዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ይታያሉ ከተባለ። እራት ላይ ነገርኋቸው፦ «መስታወት ላይ የተነፈሱበት ጉም ይመስላሉ። ትክ ብለው ካዩአቸው ይጠፋሉ፤ ዓይንዎን ወደ ጎን ሲሉ ይመጣሉ።»

ፈገግ አሉ። «እንግዲህ እንዋዋል። ሁለቱን ካየሁ ስለ ሐኪም አፍህን ትዘጋለህ። ካጣኋቸው አብሬህ እሄዳለሁ።»

ደኅና ዓይንም ይቸገርባቸዋል። ውሉ ለእኔ ያደላ ስለ ነበር ደስ አለኝ።

ቴሌስኮፑን ደጅ ተከልሁ፣ ሁለቱን ፈልጌ አገኘኋቸውና አባቴን ይዤ አስጠጋሁ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

«ሁለት ናቸው። መስታወት ላይ የተነፈሱበት ጉም ይመስላሉ። ትክ ብዬ ሳያቸው ይጠፋሉ፤ ወደ ጎን ስል ይመጣሉ።»

ቃል በቃል የእኔው ነበር። ቤተ ልሔም ዜማ ቤት ድጓ ያስመሰከሩ ሰው መሆናቸውን ዘንግቼው ነበር፤ አንዴ የሰሙት ከጆሯቸው አይወጣም። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሲጠጉ ጋቢያቸው ቱቦውን ገፍቶት ኖሯል። ሰማይ የለም፤ የቤታችን የሣር ክዳን ብቻ ጠቁሮ ተጋርጧል።

«አባ፣ ቴሌስኮፑ ዞሯል። ወደ ክዳኑ ነው የሚያየው።»

በበሩ በሚወጣው የኩራዝ ብርሃን ዓይናቸውን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብዬ አየሁት። እሳቸው እኔ የቆምሁበትን ስተው ፊታቸውን ወደ ባዶው ግቢ አዙረዋል።

«ሁለቱ ግን በእውነት አሉ?» አሉ።

«አሉ፣ አባ።»

«እንግዲያው አልዋሸሁም» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ።

በማግሥቱ ጉዞ ጀመርን። ጎንደር ላይ ሐኪሙ መርምሮ ለብቻዬ ጠራኝ። የዓይናቸው ጅማት ሞቷል፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሐኪሙን፣ እኛን፣ ያንን አቀርቅሮ መቆም ሁሉንም ጠላሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙ። ሐኪሙ ያለኝን አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

«በሚመጣው ሳምንት ሰሞነኛው፣ ቀዳሹ እኔ ነበርሁ» አሉኝ ደብረ ታቦርን ካለፍን በኋላ። «ለደብሩ አለቃ አንተ ንገርልኝ። እኔን አፌ እምቢ ይለኛል።»