ለቅሶ ልደርስ ሄጄ እንቅልፌን ለጥጬ መጣሁ

ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ተኛሁ። ኧረ አትሳቁ፣ መጀመሪያ ስሙኝ...

ቡሬ ነው የምማረው፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት። ቤተሰቦቼ ፍኖተ ሰላም ናቸው። ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔና እንቅልፍ ከተጣላን ግን ሰነባብተናል። መጀመሪያ ለፈተና ብዬ ማምሸት ጀመርኩ፣ እንዳልተኛ ቡና ጠጣሁ፣ ቡናው ዓይኔን ሲያፈጥጠው ደግሞ እንቅልፍ እስኪመጣልኝ ብዬ ስልኬን መነካካት... ሳይመጣ ወፍ ይንጫጫል። አንዷ ልጅ አምፖል ካልበራ አታጠናም፣ ሌላዋ በስልክ ካላወራች አይነጋላትም። ጠዋት ክፍል ስገባ መምህሩ ምን እንደሚል አይገባኝም። አጋማሽ ፈተናውን ወደቅኩ።

እና ወስኜ ነበር። ማጠቃለያው ማክሰኞ ነው፣ እኔ ሰኞ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤቴ። በቃኝ። የከበደኝ አባቴ ነው። «ለምን አቋረጥሽ?» ሲለኝ ምን ልለው ነው? እንቅልፍ አጥታ ትምህርት አቋረጠች ሲባል የሰማ አለ?

ያን ቅዳሜ አከራያችን እትዬ አንጓች በር አንኳኩ።

«አንች ልጅ፣ ተነሽ እስኪ። በሽንዲ መንገድ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ አርፈዋል፣ ቀብሩም አምልጦኛል። ብቻዬን አልሄድም።»

እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ሄድን።

ድንኳኑ ውስጥ እግሬን ከማስገባቴ አንዲት ሴትዮ ደረታቸውን ያዙ። «ውይ! ይችን ልጅ እይዋት! አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ሊጠፋ ነው!» ዓይኔ ለካ በርበሬ መስሏል።

«ከየት ነሽ ልጄ?» አለችኝ ሌላዋ።

«ከፍኖተ ሰላም» አልኩ። እውነቴን ነው።

«በቃ! የወንድማቸው ልጅ ናት!»

አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ... ግን ቀጥሎ ምን ይባላል? ዓይኔ የቀላው በስልክ ነው ይባላል? እጄን ይዘው ወስደው ፍራሹ ላይ ከሟች ሚስት፣ ከእማማ ይታይሽ ጎን አስቀመጡኝ። አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሟቹ ሳይሆን ለራሴ ነው። ከዚያ ንፍሮ በእፍኝ ሰጡኝ። ሴቶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፣ ጥላው ቀዝቀዝ ብሏል፣ የእማማ ትከሻ ሞቃት ነው... ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ጋቢ ለብሻለሁ፣ ጭንቅላቴ የእማማ ጭን ላይ ነው። ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ሰዉ የሄደ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ድንኳኑ ሙሉ ነው። ገና ከመንገድ የገቡ ሴቶች እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው «ወይኔ ጋሼ...» ብለው ሊጀምሩ ነው። እማማ ይታይሽ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እሽሽ... ቀስ በሉ፣ ልጅ ተኝታለች።»

አልቃሾቹ ለቅሷቸውን ዋጥ አድርገው ተቀመጡ። እትዬ አንጓች ጥግ ላይ ነጠላቸው ውስጥ ተደብቀዋል።

ብድግ አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... እኔ ዘመድ አይደለሁም፣ እትዬ አንጓች ቤት የተከራየሁ ተማሪ ነኝ። ዓይኔም በለቅሶ አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው...»

«አውቄያለሁ እኮ ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ባሌ ወንድም የለውም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ነጠላ ሁሉ ወደ አፍ ሄደ። እማማ ራሳቸው ሳቁ፣ ከዚያ ደግሞ ስቀው እንባቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«እሱ ከታመመ ጀምሮ የኔም ዓይን አልተከደነም። አንች ለጥ ስትይ መጀመሪያ ቀናሁብሽ፣ ኋላ ግን ደስ አለኝ። ለምን ብየ ልቀስቅስሽ?» እግራቸውን ሲዘረጉ ደንዝዞ አልታዘዝ አላቸው። ያን ሁሉ ሰዓት አልተነቃነቁም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሰኞውንም ጭምር። ምክር አልሰጡኝም።

«ዛሬ ከኔ ጋር እደሪ» አሉኝ። «ስልክሽን ለአንጓች ስጫት፣ ይዛልሽ ትሂድ። ዛሬም ካልተኛሽ ሰኞ ወደ አባትሽ ሂጅ። ከተኛሽ ግን ትፈተኛለሽ። እሽ?»

«እሺ።»

ከሴቶቹ ጋር መደብ ላይ ተጋደምን። ስለ ዝናብና ስለ አንድ እምቢተኛ በሬ ሲያወሩ ሰማሁ፣ የበሬውን መጨረሻ ግን አልሰማሁም። ጠዋት ተነስቼ ሳያቸው እማማ ፊታቸውን ታጥበዋል። «እኔንም ትንሽ ሸለብ አደረገኝ» አሉኝ፣ እንደማፈር ብለው።

ሰኞ ሻንጣዬን ፈታሁ። ማክሰኞ ተፈተንኩ። አሁን ስልኬ ማታ ማታ እትዬ አንጓች ዘንድ ያድራል። አምፖል የምናጠፋበትን ሰዓትም ከልጆቹ ጋር ተጨቃጭቀን ተስማምተናል። አሁንም እንቅልፍ እምቢ የሚለኝ ሌሊት አለ፣ ግን እንደ በፊቱ አልፈራውም።

ትናንት ገበያ ላይ እማማን አገኘኋቸው፣ ጥቁር እንደለበሱ። «አልፌያለሁ እማማ!» ብዬ ሮጥኩ። ውጤቱን ትተው አገጬን ይዘው ዓይኔን አገላበጡ። «እሰይ፣ ነጣ» አሉ።

«እርስዎስ? ይተኛሉ?»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ሰው ሲኖር ነው እንጂ ልጄ... ቤቱ ሰፍቶብኛል።»

እና የፊታችን ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ አድራለሁ። በዚህኛው ግን «እሽሽ» የምለው እኔ ነኝ።