የተቀደደው ድምፅ

በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ልመናዎች ሁሉ የገረመኝ፣ አንድ ሰው ጊታሩንና ቴፑን በጆንያ ጠቅልሎ ሱቄ ገብቶ «ይሄን ስፒከር ቅደድልኝ» ያለኝ ነው። እኔ እንጅባራ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው የተቀደደ ስፒከር ተሸክሞ ነው፤ አይጥ የበላውን፣ ሠርግ ላይ ከልክ በላይ ተከፍቶ የተተረተረውን። የስፒከር ሆዱ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተቀደደ ድምፁ ይሻክራል። እኔም ያንን ወረቀት በማስቲሽና በስስ ጨርቅ እየደፈንኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። ስለዚህ ደህናውን ስፒከር ቅደድልኝ ሲለኝ የተሰደብኩ መሰለኝ።

«ጤና የለህም እንዴ?» አልኩት።

«ጤናስ አለኝ። ድምፅ ነው ያጣሁት» አለ።

ከኪሱ ምንም ያልተጻፈበት ካሴት አወጣ። ቴፕ ውስጥ ከትቼ ለቀቅኩት። የፈረንጅ ሮክ ነበር፤ ጊታሩ አቡጀዲ በኃይል ሲተረተር ዓይነት ድምፅ ያወጣል። «ይሄ እኮ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የተበላሸ ነው» አልኩት፣ እንደ ባለሙያ ኮራ ብዬ። እሱ ደግሞ «የለም፣ ስፒከራቸው ተቀዶባቸው ነው። ሲሰሙት ግን ደስ ብሏቸው እንዳለ ተውት» አለኝ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ፈረንጆቹ ለዚሁ ብለው የሠሩት መሣሪያ እንዳላቸው ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ሁለት የማናውቅ ሰዎች ከሰዓቱን ሙሉ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ዝም ቢልልኝ ብዬ ምላጭ አነሳሁ።

ጊታሩን ያገኘው ዳንግላ ተማሪ ሳለ ነው፤ አንድ መምህር ሲዛወሩ ትተውለት ሄዱ። ወፍራሙ ክር ሲበጠስበት የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጥሮበታል። መምቻው የቀርከሃ ስንጣሪ ነው። የቴፕ ማይክ በጨርቅ ጠቅልሎ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ወሽቋል፤ ቴፑ በማጉያነት ያገለግለዋል። ልስቅበት አስቤ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዷ ሽቦ እንዴት ተጠንቅቆ እንደታሰረች ሳይ ሳቄ ጠፋ።

ስፒከሩን ሦስት ቦታ ሰነጠቅኩለት። እሱ የፍሬን ሽቦውን አንዴ መታ። መደርደሪያዬ ላይ በጣሳ ያስቀመጥኳቸው ብሎኖች ተንቀጠቀጡ፤ የክንዴም ፀጉር ቆመ። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ በሬዲዮ ሆድ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ድምፅ እንዲህ እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር። ፈራሁ ብል ይቀለኛል። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ቆመው ወደ ሱቁ ያያሉ፤ አንዲት በቅሎ ጭነቷን ይዛ ወደ ኋላ ትላለች።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ተቀዷል» አልኩት። ሌላ ቃል አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በሁለታችን መካከል «ተቀዷል» ማለት «ከዚህ በላይ የለም» ማለት ሆነ።

በዚያ ዘመን እኔ የከተማችን አንድ የጴንጤ ጸሎት ቤት የድምፅ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ይበሉት እንጂ ሚክሰሩ ጀርባ ብቻዬን ነው የምቆመው። እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ጌታን ተቀብሎ እኛው ጋ መጣ። አባቱ ጥርባ አካባቢ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ እናቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከደብራቸው አልተለዩም። በመጀመሪያው እሑድ ያንን ምላጭ የበላው ስፒከር ይዞ መድረክ ላይ ወጣና መታው። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚበልጡት አባት ከመዝሙሩ መሐል ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ሞንታርቦው ተቀደደ እንዴ?»

«የለም አባባ፣ የጊታሩ ድምፅ ነው።»

«ታዲያ ጠግነው እንጅ! ሙያህ አይደለም?»

ሳምንቱን ሙሉ ክርክር ሆነ። አባባ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አሉ፤ ዓለማዊ ሙዚቃ በዚያች ቀዳዳ ተከትሎ እንዳይገባ መስጋታቸው ነው። በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። አምልኮው በንጹሕ ድምፅ ይሆናል፤ የመጨረሻው ፈጣን መዝሙር ላይ ብቻ ትንሽ ይቀደዳል። ውሎ አድሮ ሰው ሁሉ የመጨረሻውን መዝሙር መጠበቅ ጀመረ። አባባም ይጠብቁ ነበር፤ ጫማቸው ወለሉን ሲመታ ከሚክሰሩ ጀርባ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ዕቃው ይለዋወጥ ጀመር። ከባሕር ዳር ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር መጣ። እኔ ከሞተ ሬዲዮ ትራንዚስተር ነቅዬ በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ፔዳል ሠራሁለት፤ በእግሩ ሲረግጠው ድምፁ ይቀደዳል፣ ሲለቀው መልሶ ይሰፋል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ያ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። ቀጥሎ እውነተኛ ፔዳሎች መጡ። ኋላም መቶ ዓይነት ድምፅ ያለበት አንድ ትልቅ ሳጥን ከአዲስ አበባ አስመጣ። ያን ሳጥን አልወደድኩትም። መዝሙሩ ሲጀመር እሱ ገና ጎንበስ ብሎ ድምፅ ይመርጣል። «መቶ ድምፅ ገዝተህ አንዱን ያንተን ሸጥክ» ብዬ ተጣላሁት፤ ሦስት እሑድ አልተነጋገርንም። በአራተኛው ሳጥኑን ቤቱ ትቶ የሰርዲን ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። ከመድረክ ሲወርድ «ተቀዷል» አልኩት።

ችግሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ድምፁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሾለ መጣ። ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምረውን መዘውር ትንሽ ይጨምራል፣ እኔ ሚክሰሩ ላይ እቀንሳለሁ፤ ደግሞ ይጨምራል፣ ደግሞ እቀንሳለሁ። የፊት ወንበር ላይ ያሉ እናቶች ጆሯቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። «ምን ሁነህ ነው? ጆሮ ትወጋለህ እኮ!» አልኩት። «ድምፁ ታፍኖ ነው፤ ግልጥ አርግልኝ» አለኝ። እልህ መሰለኝ። እኔም እልኸኛ ነኝና አልተሸነፍኩም።

አንድ እሑድ ዘማሪቷ ማይኩን ወደ ስፒከሩ አዞረችውና ጮኸ። ይህ የማይክ ጩኸት ጥርስ የሚያፋጭ፣ ቀጭን መርፌ የሆነ ጩኸት ነው። አዳራሹ ሙሉ ጆሮውን ያዘ፣ ሕፃናት አለቀሱ። እሱ ጀርባውን ለስፒከሩ ሰጥቶ ረጋ ብሎ መጫወቱን ቀጠለ። ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። እኔ ድምፁን መቀነስ ትቼ እሱን አየሁት። ያን ያህል ዓመት የተጣላሁት ከእልሁ ጋር ሳይሆን ከሚጠፋ ጆሮው ጋር እንደነበር በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ አፈርኩ።

ምንም አላልኩትም። እሱም አልነገረኝም። ከወር በኋላ ጫማውን አውልቆ መድረክ ላይ ወጣ።

እኛ ጋ ጫማ ማውለቅ ቀላል ነገር አይደለም። ጫማ አውልቆ መግባት የኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ እኛ በጫማችን ነው የምንገባው። በሁለተኛው እሑድ ሹክሹክታ ተጀመረ። በሦስተኛው «ወደ እናቱ ሃይማኖት ሊመለስ ነው» ተባለ። በአራተኛው ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ጠየቀኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ብቻ አልሰማም፤ የእሱ ጆሮ ደግሞ የባሰ ባዳ ሆኗል።

ሽማግሌዎቹ በጓዳው ክፍል ጠሩት። ጎኑ ሆኖ የሚሠራ ምስክር ይሁን ብለው እኔንም ጠሩኝ። አባባ አርጅተዋል፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው በየዋህነት ጠየቁት።

«ልጄ፣ መሄድ ከፈለግህ እንመርቅሃለን። ግን በእግርህ አትንገረን፤ በአፍህ ንገረን።»

እሱ ወደ እኔ አየ። ያን ዓይን አልረሳውም፤ እባክህን የሚል ዓይን ነው። ገባኝ። አይሰማም ከተባለ ጊታሩን ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጡት ወጣቶች ይሰጡታል። ሃይማኖቱን ለወጠ መባሉን መርጧል። እኔ ግን ንዴት ሲነሣብኝ ምላሴ ከእኔ ይቀድማል።

«አይሰማም!» አልኩ። «ሃይማኖቱን አትመርምሩት፣ ሰውየው ጆሮው እየጠፋ ነው!»

ባልተናገርኩ ብዬ ምላሴን ነከስኩ። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ባሕር ዳር መታከሙን ነገረን። ሐኪሙ ነርቩ እየሞተ ነው፣ መጀመሪያ ቀጭኑ ድምፅ ይሄዳል፣ ወፍራሙ በመጨረሻ ይከተላል ብሎታል።

«ታዲያ ሳትሰማ እንዴት ትመታለህ?» አሉ አባባ።

«በእግሬ ነው አባባ። የመድረኩ ጣውላ ይነግረኛል። አባቴ ፈረስ ገና ሳይታይ መሬት ላይ መዳፌን አስቀምጦ ስንት እንደሆኑ ያስቆጥረኝ ነበር። በጫማ ግን አይነግርም።»

አባባ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም በአዊኛ መለሰላቸው። ምን እንደተባባሉ አላወቅኩም፤ የእኔ አዊኛ ከገበያ አያልፍም። አባባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና «አሳየኝ» አሉ።

ተያይዘን ወደ ባዶው አዳራሽ ገባን። ውጪ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ይጮኻል። እሱ መድረኩ ላይ ወጣ። መቃኛውን ስልኩ ላይ በዓይኑ እያየ ጊታሩን ቃኘ፤ ክሮቹን ከወትሮው ዝቅ፣ በጣም ዝቅ አደረጋቸው። አገጩን ጊታሩ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። እኔ ሚክሰሩን ከፈትኩ። አባባ መሬት ላይ ተቀመጡና የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ። የአንድን ሰው ጫማ ለመክሰስ የተሰበሰቡ ስድስት ሽማግሌዎች ካልሲያቸውን ሳይቀር አውልቀው ጣውላው ላይ ቆሙ። እኔም አወለቅኩና ከሚክሰሩ ጀርባ ወጥቼ አብሬያቸው ቆምኩ።

የሰርዲኑን ቆርቆሮ ረገጠና መታ።

ስንት ዓመት ያንን ድምፅ ሳስተካክል ኖሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በእግሬ ተረከዝ ገባ፣ በጉልበቴ ወጣ፣ ደረቴ ውስጥ ቆመ። ሩቅ ያለ የፈረስ ብዛት ወደ እኛ የሚመጣ መሰለኝ፤ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ። ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ሄዷል፤ የቀረው ወፍራሙ፣ የመሬቱ ነው። በዕድሜው ከሰበሰባቸው ዕቃዎች አንዱም እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰጠውም። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሲጨርስ አባባ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «አንድም ሰው ስለ እግሩ አይጠይቀው» ብለው ወጡ።

እኛ ሁለታችን ቀረን። ስለ ምላሴ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ቀድሞኝ ትከሻዬን ያዘ።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀጭኑን አንተ ስማልኝ» አለኝ። «መዘውሩን አልነካብህም።»

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። አባባ አርፈዋል። ወፍራሙም ድምፅ ከጆሮው ሄዷል፤ አሁን ከእግሩና ከአገጩ በቀር ሌላ የለውም። እሑድ እሑድ ጫማውን ከመድረኩ ጥግ አስተካክሎ ያስቀምጥና ይቆማል። እኔ ከአዳራሹ መጨረሻ ሚክሰሬ ጀርባ ሆኜ ቀጭኑን እሰማለታለሁ። ደህና ተጫውቶ እንደሆነ ማወቅ የሚችለው ከእኔ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አውራ ጣቴን አሳየው ነበር፤ እሱ ግን «ይሄ ለሁሉም የሚሰጥ ነው» ብሎ አኮረፈ።

አሁን የመጨረሻው መዝሙር ሲያበቃ ቀና ብሎ በሰው ራስ ላይ አሻግሮ ያየኛል። እኔ የዕለቱን የመዝሙር ዝርዝር አነሳለሁ። ደክሞ የዋለ ቀን አጥፌ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ እሱም ይገባዋል፤ አልዋሸሁትም። ያለፈው እሑድ ግን ወረቀቱን ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩለት።