የክረምቱ ሥልጠና ቀሪ

የሸሕዲዋ ተማሪ ህሊና ለክረምቱ የሳይንስ ምርምር ሥልጠና ሁለት ምርጫ ቀረበላት፤ ኮምፒውተር ወይም ካላዛር የተባለው በሽታ። መምህሯ ኮምፒውተሩን ቢያሞግሱላትም እሷ ካላዛርን መረጠች። አባቷ አቶ አስማረ በየዓመቱ ሰሊጥ ሲያርሙ ውለው ከግራር ሥር ነው የሚያድሩት፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ዝንብም የምትራባው እዚያው በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ተቀብለናታል የሚለው ደብዳቤ ሲደርስ የአባቷ ጣፊያ በዚሁ በሽታ አብጦ ነበር። «እኔን ተይኝና ሂጂ» ቢሏትም እሺ አላለችም። ልታስታምማቸው አብራቸው ጎንደር ወጣች።

በሦስተኛው ቀን የካላዛሩ ሥልጠና ሠልጣኞች ነጭ ጋዋን ለብሰው አባቷ ወደተኙበት የሆስፒታል ክፍል ገቡ። አሠልጣኙ ስም ጠሩ።

«ህሊና አስማረ?»

ህሊና የአባቷን ሾርባ እንደያዘች አንገቷን ደፋች።

«ቀሪ» ብለው ጻፉ።