ረቡዕ የዋለው የሚካኤል ዝክር

ጣሊያን አገራችንን በያዘ በአራተኛው ዓመት የኅዳር ሚካኤልን ዝክር የመደገስ ተራ እናቴ ላይ ደረሰ። አባቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ ከአርበኞች ጋር ዱር ስለ ገባ ወደ እናቴ ቤት ተመልሼ ከእርስዋ ጋር እኖር ነበር። መንደራችን ከማንኩሳ ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል።

ማኅበሩ ዐሥራ ሁለት አባወራ የያዘ ነበር። ጽዋው ወር በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ዳቦ ይደፋል፣ ወጥ ይሠራል፣ መጠጥ ያቀርባል፤ ሲያበቃም ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። አንድ ማኅበርተኛ ሲሞት ሚስቱ በቦታው ትተካለች፤ ይሁን እንጂ በስሟ የምትጠራው አንድ ጊዜ ዝክሩን በራሷ ጉልበት ደግሳ ካበላች በኋላ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ የሚጠራው የሟቹ ስም ነው። መደገስ ካልቻለች ጽዋው ቤቷን አልፎ ይሄዳል፤ ቦታውም ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል። እናቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስታ አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም።

የማኅበሩ አለቃ፣ በእኛ አጠራር ሙሴው፣ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ የነበሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ዘመኑ ክፉ መሆኑን፣ ጎተራው ባዶ መሆኑን፣ ዘንድሮ ተራዋ ቢያልፋት ማንም እንደማያማት በለዘበ ቃል ነግረዋት ነበር። እናቴ አመስግና ሸኘቻቸውና ወዲያው በረቱ ጥግ ቀብራ ያቆየችውን የቅቤ ቅል አውጥታ አሸተተችው። አልተበላሸም። መልሳ ቀበረችው።

በጥቅምት ወር ወታደሮች መንደሩን ሲያቃጥሉ እኛ ወደ ብር ሸለቆ ወርደን ተደብቀን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ተቃጥሎ ታቦቱ በዋሻ ስለ ተቀመጠ የሚደወል ደወል፣ የሚቀደስ ቅዳሴ አልነበረም። ሸለቆ ውስጥ ሆነን የቀኑ ቁጥር ጠፋብን። ወደ ቤታችን የተመለስን ዕለት ግን መንገዱ ላይ ጨው ቋጥረው፣ ዶሮ አንጠልጥለው ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አየን። እናቴ ፊቷ በራ፤ ከዋርካው ሥር የሚቆመው ትንሹ ገበያችን እርስዋ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ የሚውል ነበርና። ከገበያተኞቹ አንዱ ከዋሻው መምጣቱን ነግሮን፣ የንስሐ አባታችን ሚካኤል አምስት ቀን እንደ ቀረው ማለታቸውን ጨምሮ አስታወቀን። እናቴ በጣቷ ቆጠረችና ማክሰኞ ላይ ደረሰች። ማክሰኞ የፍስክ ቀን ነው፤ ቅቤና ዶሮ ይበላል።

እኛ ሸለቆ በነበርንበት ጊዜ የጣሊያኖቹ ምሽግ አዛዥ ገበያውን ከሐሙስ ወደ ዐርብ ማዛወሩን የነገረን የለም። ለምን እንዳዛወረውም እስከ ዛሬ አላውቅም።

አምስቱን ቀን ያለ ዕረፍት ሠራን። ቤታችን ከግማሽ በላይ ተቃጥሎ ስለ ነበር ጓዳውን በሰሌን ጋርደን ምድጃ ተከልን። ሁለት ዶሮ አርደን አይቼ በማላውቀው ጥንቃቄ ገነጣጠልን፤ ሽንኩርቱን ያለ ውኃ አቁላላሁት፣ በርበሬውን እናቴ ራሷ እያየች ጨመረችበት። አይብ አወጣን። ገብስ ቆልተን፣ ፈጭተን፣ ግማሹን በቅቤ ለውሰን ጭኮ አደረግነው። ለጠላ የሚበቃ ጊዜ ስላልነበረ እናቴ ከተረፈን ማር ብርዝ በጠበጠች። የዝክሩ ዋዜማ ወጡ ደርሶ፣ እንቁላሉ ተልጦ፣ የዳቦው ሊጥ ብቻ ተቦክቶ ቀረ። እናቴ በድስቶቹ መካከል ቆማ ዙሪያዋን ስታይ ደስታዋን ልትሸሽግ አልሞከረችም።

በማግሥቱ ፀሐይ እንደ ወጣች ሙሴው ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሰላምታ ሳይጨርሱ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«እኅቴ፣ ይህ ሽታ የምንድር ነው?»

«የዶሮ ወጥ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

እናቴ ማክሰኞ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ገበያውንም ምስክር ጠራች። እርሳቸው ደግሞ ገበያው ዐርብ መሆኑን አስረዷት። ቆመን የምንሰማው ነገር ግራ ገብቶን ሳለ እናቴ ጣቶቿን ዘርግታ ከዐርብ ጀምራ እንደገና ቆጠረች። አምስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ እጇን ጨብጣ አማተበች። ከሸለቆ የተመለስን ዕለት፣ ዐርብ ቀን፣ ወተት ጠጥተን ነበር። ቅዳሜን ጾመናል።

ሙሴው ክፋት አልነበረባቸውም። እርሳቸው ቤት ምስር ወጥ ስላለ ጽዋውን ወደዚያ እንዲወስዱት፣ የእናቴ ተራ ለሌላ ዓመት እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ማለት ግን የአባቴ ቦታ ሄደ ማለት መሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ለሌላ ዓመት የተላለፈ ተራ ተመልሶ አይመጣም። እናቴ ቀና አለች።

«ረቡዕ ከሆነ ማኅበርተኛው በስንት ሰዓት ይቀምሳል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ነዋ። ከዚያ በፊት ማን ይደፍራል?»

«እንግዲያው በዘጠኝ ሰዓት ይምጡ።»

እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ እንግዶቹ ረፋዱ ላይ ደርሰው ነበር። ረቡዕ ቅቤያችንን ቢነጥቀንም ስምንት ሰዓት የሚያህል ጊዜ ሰጥቶናል። ሙሴው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ትልቁ ችግር እህል አልነበረም፤ ዕቃ ነበር። በቤታችን ሥርዓት ቅቤና ሥጋ በነካው ድስት የጾም ወጥ አይሠራም። የጾም ድስቶቻችን ደግሞ ከቤቱ ጋር ተሰባብረዋል። ከቡሬ፣ ከእኅቷ ቤት፣ የዚያኑ ዕለት ጧት የተመለሰችው ጎረቤታችን በዚህ መካከል ገባች። እናቴ የባልንጀራ ያህል የምትወዳት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች።

«ምነው፣ ቤትሽ ፋሲካ ይሸታል፣ ፊትሽ ግን የስቅለት ነው» አለቻት።

ነገሩን ስንነግራት ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች። ድስት ጠየቅናት። ያላት አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱንም እኅቷ ዘንድ ቋንጣ እንደሠራችበት ነገረችን። ከዚያ ከጉያዋ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች፤ ቡሬ ከወታደሮቹ ሱቅ የተገዛ ስኳር ነው፤ ለማጣፈጫ ይሆናችኋል አለች።

«ቤቴን ካቃጠሉት ሰዎች እጅ የወጣ ስኳር ለሚካኤል አላቀርብም» አለች እናቴ፤ ቋጠሮውንም በጨዋነት መለሰችላት። ጎረቤታችን አልተቀየመችም። በምትኩ ሱፍና ኑግ ልታመጣ ወጣች።

እናቴ ጓዳውን ቃኘች። ከደጁ እንስራችን ቆሟል፤ ውኃ እንጂ ሌላ ነገር ነክቶት አያውቅም። ውኃውን ወደ ቅል ገለበጠች፣ እንስራውን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ አንገቱን በድንጋይ ጠርዝ ቀስ እያለች ዙሪያውን ጠረበችው። ለአንድ ቤት ያን ጊዜ እንስራ ማጣት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ምንጩ ሩቅ ነው። አንገቱ ተቆርጦ ሲወድቅ አፈ ሰፊ ድስት ሆነ። እሳቱን አሳንሼ እንድጀምር፣ ሸክላው ቀስ በቀስ እንዲለምድ አዘዘችኝ። እጃችንን እስከ ክርናችን በአመድና በሙቅ ውኃ ፈትገን ታጠብን፤ ሙቀጫውንም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን በቅደም ተከተል አስታውሳለሁ። አተር ክኩን በእንስራው ጣድኩ። ጎረቤታችን ሱፉን ሳታሳርር ለብ አድርጋ ቆላችው፤ እኔ ወቀጥኩት፤ እናቴ በውኃ በጥብጣ በነጠላ ጫፍ አጠለለችው፤ ወተት የመሰለ ነጭ ውኃ ወጣው። በእርሱ እንጀራ ፈትፍተን ቃሪያ ጣልንበት። ምስሩ በጎረቤታችን የውኃ ቅል ውስጥ የጋለ ድንጋይ እየተጣለበት ተቀቅሎ በሰናፍጭ ተለወሰ። ሊጡ ቅቤ ስላልነካው ዳቦውን በኮባ ጠቅልለን ደፋነው። በቅቤ ያልለወስነውን ግማሹን የገብስ በሶ ደግሞ እናቴ ለብቻው አስቀመጠችው፤ ኑጉን ቆልታ ዘይቱ እስኪወጣ ወቀጠችው፤ ማር ጨምራ ከበሶው ጋር አሸችና እንደ ጭኮ በመዳፏ አድቦለቦለችው። ቀምሼ ማየት አልተፈቀደልኝም፤ ጾም ነው። ሽታው ግን የተቆላ ለውዝ ይመስል ነበር።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ እንስራው ተሰነጠቀ። የክኩ ውኃ እሳቱ ላይ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። እናቴ ከዳቦው ሊጥ የተረፈውን ጨብጣ መጣች፤ ስንጥቁ ላይ ለጥፋ በጣቷ ደፈነችው፤ ያን ጎን ከእሳቱ እንዳርቀው ነገረችኝ። ሊጡ ደርቆ እንደ ሸክላ ጠነከረ። ከዚያ በኋላ እስኪበስል ድረስ በአንድ ጎን ብቻ የሚነድ ምድጃ ስጠብቅ ቆየሁ። ጎረቤታችን እንስራው ከመድፈኛው ጋር ሊቀርብ እንደሆነ ጠየቀች፤ እናቴ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መሰብሰብ ክልክል ስለ ነበር ማኅበርተኞቹ አንድ አንድ እየሆኑ፣ ለአጨዳ የሚሄዱ መስለው ማጭድ በትከሻቸው ይዘው መጡ። የንስሐ አባታችን ከዋሻው ወርደው በደጃችን ቆሙና የገዛ ጥላቸውን በጫማቸው ለክተው ሰዓቱ መድረሱን አረጋገጡ። ሁሉም በየቦታቸው ተቀመጡ፤ ፀሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ወጡ ሲቀርብ ግን እጅ አልተዘረጋም። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። የዶሮው ድስት በሰሌኑ ጀርባ ተከድኖ ቢቀመጥም ሽታው ከግድግዳው አልወጣም። አንድ አዛውንት ጭኮውን አንስተው አሸተቱና ቀስ ብለው መለሱት። ሙሴው አቀረቀሩ። እንግዶቹ ሳይበሉ ቢነሱ ድግሱ እንዳልተደገሰ ይቈጠራል።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በመካከላቸው ቆመች።

«የሸተታችሁ እውነት ቅቤ ነው» አለች። «ቀን ተሳስቼ ለማክሰኞ ብዬ ዶሮ ሠርቼ ነበር። ዐርብንም በስሕተት ሽሬአለሁ፤ እርሱን ለአባታችን እናዘዛለሁ። ከፊታችሁ ያለው ግን ከዛሬ ጧት ጀምሮ ውኃ ብቻ በነካው ዕቃ የተሠራ ነው። ያላመነ ምድጃዬን ይይ።»

አባታችን ቀድመው አዛውንቱ የመለሱትን ጭኮ አነሡ፤ ባርከው በሉት። አላምጠው እስኪውጡ ሁሉም አፍ አፋቸውን ያያሉ።

«የኑግ ነው» አሉ። «የቀን ነገርማ እኔም ዋሻ ውስጥ ሆኜ ባልጠይቅ ኖሮ ሐሙስን እጾም ነበር።» ለዐርቡ ወተት ለሁለታችንም ጥቂት ስግደት አዘዙልን፤ ወዲያውም ክኩን ወደ እርሳቸው ሳቡ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የመጉረስ ድምፅ ነው። ሱፍ ፍትፍቱ መጀመሪያ አለቀ። ክኩን ደግሜ አቀረብኩ። ጭኮውን አሸትተው የመለሱት አዛውንት ሦስተኛውን ሲያነሡ ጎረቤታችን ከሰሌኑ ጀርባ ሆና እየቈጠረች መሆኗን ለመንገር ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እርሳቸውም አራተኛውን አነሡ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንግሥት መዝገብ ቤት አገልግያለሁ። ስም በትክክል መጻፍና በትክክለኛው ቦታ ማስፈር ዋናው ሥራዬ ነበር። የዚያን ዕለቱ አጠራር ግን በወረቀት አልሰፈረም። ብርዙ በጽዋው ተቀድቶ ሲዞር ሙሴው እንደ ልማዱ የማኅበርተኞቹን ስም በቃላቸው እየጠሩ፣ እያንዳንዱ «አቤት» እያለ፣ ጽዋውን እየተቀበለ ይጎነጫል። ወደ አባቴ ተራ ሲደርሱ ቆሙ። የእናቴን ስም ጠሩ፤ ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ነበረች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

«አቤት» አለች።

ሙሴው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ሰጧትና አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው መደብ ላይ ቦታ ለቀቁላት። እርስዋም ተቀመጠች፤ ጠጣች፤ ቀጥሎ ላለው አሳለፈች።