«ንግድም ይካሄድ ነበር»

ጡረታ ስወጣ ታሪክ የመጻፍ ሐሳብ አልነበረኝም። ቢቸና ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ከጠመኔ ስላቀቅ ጓሮዬ ያለውን ጌሾ እየኮተኮትኩ በሰላም ልኖር ነበር የፈለግሁት። ጸሐፊ ያደረገኝ ንዴት ነው።

አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ ድረስ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት መጽሔት አዘጋጅ ሆኗል።

«መምህር፣ ስለ አካባቢያችን ታሪክ ልዩ እትም ልናወጣ ነው። የጥንቱን ንግድ እርስዎ ይጻፉልን» አለኝ።

ደስ አለኝ። ስለ ሩቅ አገር አብዮቶች ሳስተምር ስንት ዓመት አሳልፌ፣ ስለዚህ አገር ሲጠይቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ሰሞን ሚኒባስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድኩ። የድሮ ነጋዴ ልጅ የሆኑ አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት እንዳሉ ሰምቼ ነበር። መስጊዱ አቅራቢያ ካለው ቤታቸው በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አባቴ አሞሌ ጨውና ቡና በበቅሎ ጭኖ ዓባይን ይሻገር ነበር» አሉኝ። «ወንዙ ድንገት ሲሞላ ነጋዴው ሜዳ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ያድራል። ይሄን አይቶ ከመሻገሪያው በላይ የድንጋይ ቤት ሠራ። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያው ያድራል። ሥጋው ለየብቻ ነው፤ እሳቱ ግን አንድ።»

«ኋላስ፣ እማማ?»

«የክርስቲያን ባልንጀራው በቅሎ ከነጭነቷ ውሃ ወሰዳት። አባቴ እሷን አወጣለሁ ብሎ ገባ። በዚያው ቀረ።»

ከዚያ ክንዴን ያዙና «ትጽፈዋለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። እጽፈዋለሁ አልኩ።

የባልንጀራውን ቤተሰብ አፈላልጌ አገኘሁ፤ እነሱም ያንኑ ነገሩኝ። ወደ ወንዙም ወረድኩ። ከቤቱ የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው። ጉልበቴን እያመመኝ አቀበቱን ወጣሁና ወራት ፈጅቼ ጻፍኩ።

መጽሔቱ ታትሞ ሲደርሰኝ ቆሜ አገላበጥኩት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፎቶግራፍ ገጽ ሙሉ ነው። የባላባቶቹ የዘር ሐረግ አለ። የእኔ ጽሑፍ የለም። ደጋግሜ ስፈልግ በአንድ አንቀጽ መጨረሻ ላይ «በአካባቢው ንግድም ይካሄድ ነበር» የሚል አገኘሁ። በቃ! ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ በቅሎ፣ ወንዝ የበላው አባት ይቺ ሆነች።

ተማሪዬ ቢሮ ሄድኩ።

«ገጽ አልበቃንም፣ መምህር» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ለፎቶግራፉ በቅቷችኋል!»

«ደግሞም ነጋዴ የትም አለ። ታሪክ የሚባለው... አገር ያስተዳደረ፣ የተዋጋ...»

ንግግሩን ሳይጨርስ ወጣሁ። ይሄን ማን አስተማረው? እኔው ነኝ፤ እኔም ያስተማርኩት የተሰጠኝን መጽሐፍ ነው።

መጽሔቱን ይዤ ሞጣ ሄድኩ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ እማማ ማንበብ አይችሉም። ግን መስመሯን አነበብኩላቸው።

«ንግድም ይካሄድ ነበር» ብለው ደገሙት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ማነው ያካሄደው?»

በሚኒባሱ ስመለስ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ቤቴ እንደገባሁ ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ የነጋዴውን ብቻ ሳይሆን የሸማኔውን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ የቅኔ ተማሪ ያበሉትን ቤቶች ታሪክ ጨመርኩ። ባለቤቴ «ጤናህን ትጨርሳለህ» ትለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

መጽሐፉ ባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ገባ። ወሬው እንደተሰማ ያው ተማሪዬ ደወለ።

«መምህር፣ እንኳን ደስ አለዎት! የኃላፊው መልእክት መግቢያው ላይ ይግባና አዳራሹን ለምረቃ እንፈቅድልዎታለን።»

«የሳቸው ፎቶ መጽሔቱ ላይ ይበቃል» ብዬ ዘጋሁበት።

አዳራሹ ቀረ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የተመረቀው ሞጣ ላይ፣ እማማ ግቢ ውስጥ ነው። የባልንጀራው የልጅ ልጆችም መጡ። የእማማ አባት ያለበትን ምዕራፍ ሳነብ እሳቸው አንዴ ብቻ አቋረጡኝ፦ በቅሎዋ ዳማ እንጂ ጥቁር አልነበረችም። ስጨርስ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩት።

ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ አመሰግናለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም። መጽሐፉን ለአንድ ትምህርት ቤት በነፃ ብሰጥ ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ ነው ብለው መጋዘን አስገቡት። በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ አስወጣዋለሁ።